ስለ አረንጓዴው ሰሌዳዎና ስለታሸገው መስኮት

ለተከበሩ የአስቸኳይ ሕክምና ጥሪ ማዕከል ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እጅ ነስቼ እያቀረብኩ ለእርስዎም ለመላው ቤተሰብዎም ሙሉ ጤና እመኛለሁ። ይህን ምኞቴን እንደ ተራ የደብዳቤ መክፈቻ እንዳይቆጥሩብኝ አደራ እላለሁ፤ በአሁኑ ጊዜ በዚህ ከተማ ታሞ አምቡላንስ ከመጥራት ጨርሶ አለመታመም እንደሚሻል ከእኔ ይበልጥ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ጤና የምመኝልዎ ከልቤ ነው።

እኔ በኮሪደር ሲያልፉ «ያ የኮምፒውተሩ ልጅ» እያሉ የሚጠሩኝ፣ ፀጉሬ ከሸበተ የቆየ፣ በሁለተኛው ፎቅ ጥግ ተቀምጬ የማዕከሉን ክላስተር የምጠብቅ ሠራተኛ ነኝ። ጉዳዬን አደባባይ ማውጣቴ ድፍረት መሆኑ አይጠፋኝም። ነገር ግን በአካል ቀርቤ በነገርኩዎ ቁጥር «ሰሌዳው አረንጓዴ ነው» ብለው ስላሰናበቱኝ፣ አሁን ደግሞ ያንኑ ሰሌዳ ለሌሎች መሥሪያ ቤቶች ለማስጎብኘት ጉዞ ላይ ስለሆኑና ስልክዎም ስለማይነሳ፣ ምናልባት ባረፉበት ሆቴል ጋዜጣ ሲገልጡ ዓይንዎ ያርፍበት ይሆናል ብዬ ነው።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ክላስተር የምንለው እንደ አንድ ሆነው የሚሠሩ ኮምፒውተሮችን ነው፤ ኮንቴይነር የምንለው ደግሞ በእነዚህ ኮምፒውተሮች ላይ የሚኖር፣ አንድ ሥራ ተሰጥቶት ለብቻው የታሸገ ፕሮግራም ነው። ከኮንቴይነሮቻችን አንዱን መልእክተኛ እንለዋለን። ታማሚ ሲደውል፣ ከእኔ በታች ባለው ፎቅ የምትሠራው ስልክ አንሺ አድራሻውን ትጽፋለች፤ መልእክተኛው ያንን ተቀብሎ ግቢው ውስጥ በቆመው አምቡላንስ ስክሪን ላይ ያደርሰዋል። እርሱ ከሌለ ስልኩ ይነሳል፣ አድራሻው ይጻፋል፣ መኪናው ግን ከቆመበት አይነቃነቅም።

አንደኛ፣ ስለ ሰሌዳው ላመስግንዎ። ድሮ እኛ ተራ ሠራተኞች በኮምፒውተሩ ጥቁር የትእዛዝ ስክሪን ላይ ትእዛዝ ስንጽፍ፣ እያንዳንዱን ፊደል እያየንና «ምን ላደርግ ነው?» እያልን ነበር። እርስዎ ፕሮግራም በምንጽፍበት ኮድ ኤዲተር ውስጥ ክላስተሩን በሥዕል የሚያሳይ ሰሌዳ አስገቡልን፤ ኮንቴይነሮቹ ስማቸው ተጽፎ፣ ከጎናቸው አረንጓዴ ነጥብ ይዘው ይደረደራሉ፤ የማውሱን ቀኝ ሲጫኑ «እንደገና አስነሳ»፣ «ሰርዝ»፣ «ቁጥር ቀይር» የሚል ምርጫ ይወጣል። ሐሰት ምን ያደርግልኛል፣ ሥራውን ለሚያውቅ ሰው ጥሩ ዓይን ነው። ችግሩ የጀመረው እርስዎ ይዘውት በሚዞሩት ኮምፒውተር ላይ ከነሙሉ ሥልጣኑ እንዲጫንልዎ ባዘዙ ጊዜ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን የመልእክተኛው ስም ከላይ እስከታች ሦስት ጊዜ ተጽፎ አይተው ድግግሞሽ መሰለዎት። ሁለቱን ሰረዙ። ክላስተሩ ደግሞ የጎደለበትን መተካት ሥራው ነውና ወዲያው ሌሎች ሁለት ተካ። እንደገና ሰረዙ፤ እንደገና ተተኩ። ጸሐፊዎ እንደነገረችን ያን ከሰዓት በሙሉ በርዎን ዘግተው ከሁለት ነጥቦች ጋር ግብግብ ገጥመው ዋሉ። በመጨረሻ «ቁጥር ቀይር» የሚለውን አገኙና ሦስቱን ወደ አንድ አወረዱ፤ በማግስቱም በስብሰባ ላይ ብክነትን በገዛ እጄ አጸዳሁ ብለው ተጨበጨበልዎ። ሦስት የነበሩት አንዱ ቢወድቅ ሌሎቹ ሥራውን እንዲይዙ ነበር። እኔ ወደ ሦስት ብመልሰው ሥልጣኔን ገፈፉኝ። አሁን ማየት እንጂ መንካት አልችልም፤ የማውሱን ቀኝ ስጫን ምርጫው ሁሉ ደብዝዞ ይወጣል፤ ከማዕከሉ ሰው ሁሉ መልእክተኛውን ማስነሳት የሚችል እጅ የእርስዎ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ አረንጓዴነቱ። ሰሌዳው በየጊዜው እያንዳንዱን ኮንቴይነር «ደህና ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። መልእክተኛው መልስ ከመስጠቱ በፊት እስከ አምቡላንሱ ስክሪን ድረስ መድረስ መቻሉን ያረጋግጥ ነበር፤ ካልቻለ ነጥቡ ቀይ ይሆናል። ጎብኚዎች በመጡ ቀን አንድ ቀይ ነጥብ ብልጭ ብሎ አሳፈረዎትና ጥያቄው እንዲላላ አዘዙ። ከጎኔ የሚቀመጠው ፕሮግራመር የአራት ልጆች አባት ነው፤ እምቢ የሚልበት አቅም አጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ መልእክተኛው ሳያይ ሳይሰማ «ደህና ነኝ» ይላል። ሰውም ሰላምታ ሲቀርብለት ሆዱን እየቆረጠውም ቢሆን ደህና ነኝ ይላል፤ ልዩነቱ ሰው ሲናገር ፊቱ ያሳብቅበታል። የእኛ መልእክተኛ ፊት የለውም።

የዚህን ፍሬ አይተነዋል። አስም የተነሳባት አንዲት ልብስ ሰፊ ደወለች። ስልክ አንሺዋ፣ ሄሎ በማለት ፈንታ አቤት ስለምትል ሁላችንም አቤት የምንላት ሴት፣ አድራሻውን ጻፈች፤ ስክሪኗም «ተልኳል» አላት። ሾፌሩ ግቢ ውስጥ መኪናውን እያጠበ ነበር። ሴትዮዋ መልሳ ስትደውል ድምፅዋ አልወጣም፤ ትንፋሿ ብቻ ነበር የሚሰማው። ጎረቤቶቿ በታክሲ ወስደው አተረፏት። እኔ መልእክተኛው የሠራውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ውሎ ሳነብ፣ የማስታወሻ ቦታው በሥራ ሞልቶ ከደወለችበት ሰዓት ቀድሞ ፈዝዞ ነበር። ሰሌዳው ግን አረንጓዴ ነበር፤ እርስዎም «እንደገና አስነሳ» የሚለውን አንዴ ጠቅ ካደረጉ በኋላ በወሩ ሪፖርት አንድም ቀይ አልታየም ብለው ጻፉ። ስላላዩት ነገር በእርግጠኝነት የመጻፍ ችሎታዎን ሁሌም አደንቃለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ መስኮቱ። አቤት ከዚያ ቀን በኋላ ስክሪኗን ማመን ተወች። አድራሻ በጻፈች ቁጥር ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ መስኮቱን ትከፍትና ወደ ግቢው ትጮኻለች፤ ሾፌሩ እጁን አንስቶ ሰምቻለሁ ይላታል። ሌላ መንገድ አልነበራትም። የሬዲዮ መገናኛው ስክሪኑ ሲመጣ ተነቅሎ መጋዘን ገብቷል፤ ሾፌሮቹ በሥራ ላይ የእጅ ስልክ እንዳይዙ እርስዎ ከልክለዋል፤ እሷም ስልኩን ጥላ ደረጃ መውረድ አትችልም። የዚህ ሁሉ ኮምፒውተር የመጨረሻ መተማመኛ የአንዲት ሴት ጉሮሮ ነበር፤ ሠርቶም ነበር። እርስዎ ግን ጩኸቱ ለዘመናዊ ተቋም አይመጥንም አሉና ለጉዞዎ ሻንጣ በሚያሰናዱበት ቀን መስኮቱን በምስማር አስመቱት። ብርዱን ስለከለከሉልን እናመሰግናለን።

ለምን እንዲህ እንዳንገበገበኝ ላይገባዎት ይችላልና ልንገርዎ። ከዳቦ መጋገሪያው በላይ ብቻውን የሚኖር፣ አናጢ የነበረ፣ ልቡ የደከመ አባት አለኝ። የማዕከሉን ቁጥር በአናጢ እርሳስ ግድግዳው ላይ ትልቅ አድርጎ ጽፎታል። መጀመሪያ ለእኔ ደውል ብዬ ብለምነው፣ «አንተን ሥራ ምን አስፈታኝ፣ ይሄ ቁጥር ለዚሁ አይደል እንዴ?» ይለኛል። ልጄ እዚያ ስለሚሠራ ከማንም ቀድመው ይደርሱልኛል ብሎ ያምናል። እኔም እውነቱን ልነግረው አፌን ስከፍት የግድግዳውን ጽሑፍ አያለሁና መድኃኒትህን ዋጥክ ወይ ብዬ ብቻ እወጣለሁ። እፈራለሁ፣ ክቡር ሆይ። ዛሬ ጠዋት መልእክተኛው እንደገና ሥራ በዝቶበት ውሎውን ዘግየት እያለ መጻፍ ጀምሯል፤ ልብስ ሰፊዋ በደወለችበት ቀንም አጀማመሩ እንዲሁ ነበር።

ስለዚህ ሰሌዳውን ለእንግዶች ሲያሳዩ በመሐል፣ ለጌጥም ቢሆን፣ ጣትዎን በማውሱ ቀኝ ላይ አሳርፈው «እንደገና አስነሳ» የሚለውን እንዲጫኑልን በትሕትና እለምናለሁ። እንግዶችዎ ምንም አይታያቸውም፤ አረንጓዴ የነበረው አረንጓዴ ሆኖ ይቀጥላል።

ለውበት፣ ለጽዳትና ለጸጥታ ያለዎትን ፍቅር እያደነቅሁ፣ ጉዞዎ እንዲሰምር፣ ልብዎ፣ ሳንባዎና መላ አካላትዎ እስኪመለሱ ድረስ የማንንም እርዳታ የማይሹ እንዲሆኑ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ማየት እንጂ መንካት ያልተፈቀደለት አገልጋይዎ

ግልባጭ፦
ለአምቡላንስ ሾፌሮች
ለልብስ ሰፊዋ
ለአባቴ፣ ልነግረው ላልደፈርኩት

ተጨማሪ፦

ይህን የምጽፈው እኔ አቤት ነኝ። ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ስለሄደ ለጋዜጣው የምሰጠው እኔ ነኝ። እንደ እሱ አሳምሬ መጻፍ አልችልምና ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አባቱ ደውለው ነበር። ድምፃቸውን አውቀዋለሁ። አቤት አልኳቸው፣ አድራሻውን ጻፍኩ፣ «ተልኳል» አለኝ። በመስኮት ሳይ ሾፌሩ ከመኪናው ተደግፎ ጥፍሩን ይቆርጣል። መስታወቱን ብደበድብ ቀና አላለም። ከዚያ ወንበሬን አንስቼ መስታወቱን ሰበርኩትና አድራሻውን ጮኽኩ። ሾፌሩ ወጥቷል፤ ልጃቸውም ከላይ ሰምቶ ጃኬቱን ሳይለብስ ሮጦ ተከትሎታል። ደርሰውላቸው እንደሆነ እስካሁን ማንም አልነገረኝም።

የመስታወቱን ዋጋ ከደመወዜ ይቁረጡ። መስኮቱን ግን ማንም እንዲጠግነው አልፈቅድም፣ በሩን ቆልፌዋለሁ። የልጁ ኮምፒውተር እንደተከፈተ ነው፤ ስልኩ ፋታ ሲሰጠኝ ደብዳቤውን ላነሳ ፎቅ ወጥቼ አየሁት። ሁሉም አረንጓዴ ነው።