በአባባ መሳቢያ የተገኙት አሥራ ሰባት እንቁላሎች

ውድ እህቴ፣

ዛሬ ጠዋት በአባባ የስፌት መኪና መሳቢያ ውስጥ አሥራ ሰባት እንቁላል አገኘሁ።

የሸሚዜ ቁልፍ ተበጥሶ ክር ፍለጋ ነው የከፈትኩት። እንቁላሎቹ በቁርጥራጭ ጨርቅ ተጠቅልለው ተደርድረዋል። ስፌት ከተወ ሰባት ዓመት ቢሆነውም፣ ልብስ በሚያሰምርበት ጠመኔ እያንዳንዳቸው ላይ ቀን ጽፎባቸዋል። የመጀመሪያዋ ከርግብ እንቁላል ብዙም አትበልጥም። ቀኑ የዛሬ ሦስት ሳምንት እሑድ ነው፤ አንቺ ደውለሽ «ዶሮዎቹ ጣሉ?» ስትይኝ «ገና ናቸው» ያልኩሽ ዕለት።

ሁለቱን ጫጩቶች ገዝቶ በገባ በሳምንቱ የጓሮው ደረጃ ላይ መውደቁን ታስታውሻለሽ። አንቺ ጋ ይግባ ስንል፣ «እነዚህ እንቁላል ሳይጥሉ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም» አለ። ከአምስት ወር አያልፍም ብለን ተስማማን።

እንቁላሎቹን በሳህን ይዤ ማድ ቤት ገባሁ። ሻይ እየጠጣ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«እንቁላል ነዋ። እስከ ዛሬ አይተህ አታውቅም?»

«ለምን ደበቅከን?»

«ማን ጠየቀኝ? እህትህ የምትጠይቀው አንተን፣ አንተ የምትጠይቀው ዶሮዎቹን።»



እኔም ከደሙ ንጹህ አይደለሁም። ከጓሮ ሲያስካኩ ሰምቻለሁ፤ ዶሮ ለምን እንደምታስካካ ጠፍቶኝ አይደለም። የሚጥሉበትን ሳጥን ከፍቼ ያላየሁት፣ እሱ ሲሄድ እዚህ ቤት ብቻዬን መቅረቱ ስላስፈራኝ ነው። ይህን ነግሬሽ አላውቅም።

ስጋትሽ ከንቱ ነው አልልም። ትናንትም ያንኑ ደረጃ ሲወርድ ግድግዳውን ተደግፎ ነበር። ግን በቀን ሁለቴ የሚወርደው ለእነሱ ነው፤ እነሱ ባይኖሩ ከወንበሩም አይነሳም ነበር።

እንቁላሎቹን መልሼ መሳቢያው ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ማታ ሳየው አሥራ ስምንት ሆነዋል፤ የዛሬው ቀንም ተጽፏል።

የአባባን ዕቃ ወደ አንቺ የሚያመጣው የጭነት መኪና እንደተነጋገርነው ለቅዳሜ ተቀጥሯል፤ አልሰረዝኩትም። ሐሙስ በምሳ ሰዓት ደውዪ። ስልኩን ለእሱ እሰጠዋለሁ፣ አንቺው ጠይቂው። እሄዳለሁም ቢል እቀራለሁም ቢል፣ ያለውን እናደርጋለን።

ታናሽ ወንድምሽ