ዘጠና ሰባት ኪሎ ጌጥ

ማስረሻ፣

ለሥራ ወደ መልካሳ ወጥቻለሁ፤ እሁድ እመለሳለሁ። ውሃ ዛሬ ከሰዓት ስለሚመጣ በርሜሉን ሙላ።

ትናንት ጠዋት ግቢ ወጥቼ መኪናችንን አየሁት። አስጠላኝ። ጌጡን የለጠፍክበት ሙጫ ሽታ ብቻውን ቁርሴን አስተወኝ።

ዓመት ሙሉ የተስማማነው ምን ነበር? የሞተር ሳይክል ሞተር፣ ከቀጭን ቱቦ የተበየደ ሻሲ፣ ሁለት ወንበር፣ ጣራ የሌለው፣ በጠቅላላው አራት መቶ ኪሎ። እኔ ብሎን ሳይቀር እየመዘንኩ መረጥኩ። አንተ በሁለት ቀን እንደ ባጃጅ አስጌጥከው፦ ቀይ ጸጉራም ምንጣፍ፣ አራት ትልልቅ ስፒከር፣ ፊቱ ላይ ደግሞ የጭነት መኪና የብረት መከላከያ። "ጓዴ፣ ካላጌጠ ማን ዞር ብሎ ያየዋል?" ትለኛለህ!

ከእህል ነጋዴው ከኑሬ ሚዛን ተውሼ አራቱንም ጎማ በየተራ መዘንኩ። ዘጠና ሰባት ኪሎ ጨምረሃል።

ፍሬኑን የመረጥነው ለአራት መቶ ኪሎ መኪናና ለሁለት ሰው ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ጌጥ ተጨምሮበት ሁለት ሰው ከተጫነ ቁልቁለት ላይ አይዝም። አንተ ግን ቅዳሜ እህቴን ሎሚን አሳፍረህ ከሁሩታ ቁልቁል ልትነዳ ቀጥረሃታል። እሷም ደስ ብሏት ለንፋሱ ብላ ሻርፕ ገዝታለች።

ትናንት ስንጣላ የአባትህን ባጃጅ አንስቼ በክፉ የተናገርኩት...
እሳቸው ጥሩ ሹፌር ናቸው። አውቃለሁ።

ድስቱ ውስጥ ምስር ወጥ አለ፤ ሳይበላሽ ብላው።

የመኪናውን መሪ ፈትቼ ይዤው ሄጃለሁ። ቤት ውስጥ አትፈልገው።
ለሎሚ ምክንያቱን አንተው ንገራት።

ኤባ