«ሰ» ሲጠብቅና ሲላላ

ደባርቅ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የጎንደር ብርድ እንዴት አድርጎሻል? እኛ ከጉንፋንና ከባለቤቴ ከበለጠች ቁጣ በቀር ደህና ነን። ጉንፋኑስ እየለቀቀን ነው።

ቅሬታ አለኝ፤ ቅሬታዬም በአንዲት ፊደል ላይ ነው። አስተማሪ ሆነሽ «ሰ» ስትጽፊ ጠብቃ ትነበብ ላልታ ለምን አትነግሪንም? ንባብ በራሱ የለመደ አጎት እንዳለሽ እያወቅሽ «የአባቴ አልፋ መኪና ለሠርጌ ትድረስልኝ፤ ጎማዋን ካሰፉልኝ ሌላ አልፈልግም» ብለሽ ጻፍሽ። «ሰ»ን ሲያጠብቋት በክር ማሰፋት ነው፤ ሲያላሏት ሰፊ ማድረግ። የእኔ ሙያ የመኪና ብሎን ማላላት ነውና አላላኋት።

የደረሰብኝን ስሚ። አራት ሰፋፊ ጎማ ከነቸርኬያቸው ከጎንደር አስመጣሁ። አባትሽ ሳይገዛት በፊት አስመራ ላይ ለውድድር ትሮጥ የነበረች መኪና ናት፤ ሰፊ ያምርባታል አልኩ። ጎሚስታው ያርጋል ገጥሞ ከክሪክ ሲያወርዳት እንደ አውራ በግ ደረቷን ነፋች። ከዚያ ሊሞክራት ይዟት ወጣ። እኔ እንደሆንኩ አልነዳም፤ «አጎቴ ይፈታል ይገጥማል እንጂ አይነዳም» እያልሽ ትስቂብኝ የለ!

ወደ ቀኝ ደህና ታጠፈች። ወደ ግራ ሲጠመዝዛት ግን ጎማው ከላዩ ከሚከልለው ቆርቆሮ፣ ከፓራፋንጎው ጠርዝ ጋር ተፋጭቶ ጮኸ። «ጋሼ፣ ይቺ መኪና ግራ አታውቅም!» ብሎ ቢጮኽብኝ «ታዲያ በቀኝ በቀኝ ዞረህ ተመለስ» አልኩት። በገበያው መሀል ሲዞር ውሎ መጣ፤ ሰዉ ሁሉ ሙሽራዋ ሳትመጣ አጀቡ ጀመረ እያለ ሳቀብን።

እኔን ግን አላሳቀኝም። ሙሽራሽ የአዳርቃይ ሰው ነው፤ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሳትወርጂ ቤቱ አትገቢም። ሊማሊሞን ደግሞ በቀኝ ብቻ የወረደ የለም፤ ከወረደም አንድ ጊዜ ነው።

የፓራፋንጎውን ጠርዝ ወደ ውስጥ ማጠፍ ነበረብን። በመዶሻ ቢመታ ቀለሙ ይረግፋል፤ ቀለሙን የቀባው አባትሽ ነው። ያርጋል በጎማውና በቆርቆሮው መካከል ዱላ ሰክቶ መኪናዋን ቀስ እያሉ መግፋት ነው አለ። ሁለት ዱላ ሰበርን። የማይሰበር እንጨት በቤቱ አንድ ብቻ ቀረ፤ የበለጠች ዘነዘና። በጨርቅ ጠቅልለን ሦስት ቀን ስንገፋ እሷ በርበሬዋን ይዛ በር ላይ ቆማ «አንተ ሽማግሌ፣ ልጅቱን ልትድር ነው ወይስ መኪናዋን ልትወቅጥ?» ትለኛለች። ትናንት አልፋዋ ወደ ግራ ታጠፈች። ዘነዘናው ግን ጎማ ጎማ ይሸታል፤ የሠርግሽ ወጥም እንደዚያው ቢሸት እንዳትገረሚ።

አሮጌዎቹን ጎማዎች መልስ እንዳትዪኝ። ያርጋል ቆራርጦ በረባሶ አድርጓቸዋል፤ ይኸኔ በበየዳ አቀበት ላይ በሰው እግር እየሄዱ ነው። ቁረጣቸው ያልኩትም እኔ ነኝ፤ ማንም ደግሞ እንዳይሰፋቸው።

አሁን ቀልዱን ልተው። ደብዳቤሽን መጀመሪያ ያነበብኩት አጥብቄ ነው። በክር ማለትሽ እንደሆነ ወዲያው ገብቶኛል። ያላላሁት ሁለተኛ ሳነበው ነው። በተሰፋ ጎማ ሊማሊሞን አትወርጂም! አባትሽ ያረፈ ቀን የተሳፈርንባት የሰው መኪናም ጎማዋ የተሰፋ ነበር። መታጠፊያው ላይ ስፌቱ ሲለቅ መሪው እንዴት እንደሚቀል፣ በእጅ ውስጥ እንዴት ባዶውን እንደሚዞር አንቺ አታውቂም። አራት ዓመትሽ ነበር። አባትሽ አጠገቤ…

በሩ ተንኳኳ። ያርጋል መስሎኝ «ግባ!» አልኩ። በለጠች ከፍታ አየችና እልል አለች። አንቺ ነሽ! የዛሬ ሳምንት አልነበረም እንዴ የምትመጪው?

እንግዲህ ፖስታ ቤት ቀረ። ወረቀቱን በለጠች ትሰጥሻለች፤ እኔ በጓሮ ወጥቼ አልፋዋ ዘንድ እቆያለሁ። አንብበሽ ስትጨርሺ ነይ። ባትመጪም አልፈርድብሽም።

የአባትሽ አምላክ መንገድሽን ያስፋልሽ። ይህችኛዋ እንኳ በሁለት መንገድ አትነበብም።

መሪ ከጨበጠ ሃያ ዓመት ያለፈው አጎትሽ