ፖስታዬ ማዶ ስለሚገባ ሐሰተኛ ላሉኝ ዲን

ይድረስ ለክቡር ዶክተር ሎውዌል ፔንድልተን
የሎረል ጋፕ ኦስቲዮፓቲክ የሕክምና ኮሌጅ ዲን
ዌስት ቨርጂኒያ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ የባለቤትዎን ደኅንነትና የኮሌጅዎን መልካም ስም እመኛለሁ። የእኔን ጤና ከጠየቁ፣ ቢሮዎ የደወለልኝ ዕለት የአባቴን የኦክስጅን መሣሪያ የውሃ ጠርሙስ እያጠብኩ ነበር። የቅበላ ክፍል ኃላፊዋ ወይዘሮ ሃርግሮቭ መሆናቸውን ሳውቅ፣ የነጭ ጋዎኔን ልክ ሊጠይቁኝ መስሎኝ ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ ፈገግ አልኩ። እርሳቸው ግን የጠየቁኝ የየትኛው ግዛት ሰው እንደሆንኩ ነበር። ከዚያች ቅጽበት ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከማንሳቴ በፊት የደዋዩን ቁጥር ሁለት ጊዜ አነባለሁ፤ ስለ ጤናዬ የምነግርዎ ይህንኑ ነው።

ወይዘሮ ሃርግሮቭ እንዳስረዱኝ፣ ቦታ ያገኘሁት ለዌስት ቨርጂኒያ ነዋሪዎች ቅድሚያ ስለሚሰጥ ነው። በማመልከቻዬም የዌስት ቨርጂኒያ ነዋሪ ነኝ ብያለሁ። በቃለ መጠይቁ ላይ ግን ከጠያቂዎቹ አንዱ አገሬን ሲጠይቁኝ፣ ያለ ምንም ማመንታት ድራይ ሊክ፣ ኬንታኪ ብዬ መልሻለሁ። ስለዚህ ከሁለት አንዱን ዋሽቻለሁ ማለት ነው።

ክቡር ሆይ፣ አልዋሸሁም። የፓውፓው ሸለቆ ልጅ ነኝ። ቤታችን ሁለቱን ግዛቶች ከሚለየው ወንዝ ወዲህ፣ በዌስት ቨርጂኒያ ነው። መኪና የሚያስኬደው መንገድ ግን ከወንዙ ወዲያ፣ በኬንታኪ በኩል ነው። የፖስታ መኪና ደግሞ በእግረኛ መሻገሪያው ተንጠልጣይ ድልድይ ላይ አይወጣምና፣ የሸለቆው ሰው ሁሉ የፖስታ ሣጥኑን ማዶ ተክሏል። የእኛ ሰዎች ሲተዋወቁ «ፖስታችሁ የት ይገባል?» ይባባላሉ፤ መልሱን ሲሰሙ የማን ዘመድ እንደሆንክ ያውቃሉ። እኔም በዚያ ቀን፣ ከፊቴ የተቀመጡት ሰው ደግ ስለመሰሉኝና የሸለቆው ልማድ ስለቀደመኝ፣ ፖስታዬ የሚገባበትን ተናገርኩ። ጥፋቴ ይህ ነው፤ ደግ ከመሰለኝ ሰው ጋር እንደ ቤቴ ማውራቴ።

አሁን ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ማስረጃ እንዳቀርብ ስለፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ። የመብራት ሒሳብ አምጪ ተባልኩ፤ የመብራቱ ሽቦ የሚመጣው ወንዙን ተሻግሮ ስለሆነ ሒሳቡን የሚልከው የኬንታኪ ድርጅት ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጠየቁኝ፤ የተማሪ አውቶቡስም እንደ ፖስታው መኪና ድልድይ ስለማይሻገር የተማርኩት ማዶ ነው። መንጃ ፈቃዴ ግን የዌስት ቨርጂኒያ ነው፤ አባቴም ዕድሜውን ሙሉ ግብር የከፈለው ለዌስት ቨርጂኒያ ነው። ወይዘሮ ሃርግሮቭ እነዚህን ሲያዩ «ድብልቅልቅ ያለ ነው» ብለው ወደ ጎን አደረጓቸው። ከተወለድኩ ጀምሮ እዚያው ድብልቅልቅ ውስጥ እየኖርኩ መሆኑን እስካሁን የነገረኝ አልነበረም።

ሁለተኛ፣ የቅድሚያውን ደንብ በተመለከተ ቅሬታ እንደሌለኝ እንዲያውቁልኝ እወዳለሁ። ኮሌጅዎ የግል ነው፤ ከግዛቱ ግምጃ ቤት ምንም አይወስድም፤ ከየትም የመጣ ተማሪ የሚከፍለው አንድ ዓይነት ነው። ይህም ሆኖ ለአገሩ ልጆች ቅድሚያ የሚሰጠው፣ ከዚህ ተራራ የወጣ ሐኪም ወደዚሁ ተራራ ይመለሳል ብሎ ስለሚያምን ነው። እኔም አምናለሁ። ያመለከትኩትም ስላመንኩ ነው። የከተማችን የመጨረሻው ሐኪም ክሊኒካቸውን ዘግተው ልጃቸው ዘንድ ከሄዱ ወዲህ፣ አባቴን ትንፋሽ ሲያጥረው ይዤው የምሄድበት ቅርብ ቦታ የለም። ሁለት ሰዎች በሁለት ክንዱ ይዘው ድልድዩን ያሻግሩታል፤ ድልድዩ ሲወዛወዝ እርሱ ሳል ይይዘውና ቆመን እንጠብቃለን። ኮሌጁን በጎበኘሁበት ቀን እርስዎ ስለ ኦስቲዮፓቲ ሐኪም፣ ስለሚዳስሱና ስለሚፈውሱ እጆቹ ንግግር ሲያደርጉ፣ እኔ በሐሳቤ ያንን ድልድይ እየተሻገርኩ ነበር።

ይህን ስል ማዶ ያለ ሌላ የግል ኮሌጅም ማመልከቴን ልደብቅዎ አልፈልግም። እነርሱም ለራሳቸው ልጆች ቅድሚያ ይሰጣሉ፤ እውነቱን ተናግሬ የኬንታኪ ነዋሪ አይደለሁም ስላልኩ ከወረፋው መጨረሻ አስቀመጡኝ፤ ሳይደርሰኝም ቀረ። እዚያ የዌስት ቨርጂኒያ ሰው ነኝ፤ እዚህ የኬንታኪ። ድልድዩ መሐል አልጋ ዘርግቼ ብተኛ ኖሮ ምናልባት የሚስማሙበት ነገር ይገኝ ነበር። አክስቴ ኦፓል ይህን ስትሰማ «ኬንታኪ የምንሄደው ለደብዳቤና ለቢራ ነው፤ ለቢራው ደግሞ ያንቺ ዲንም ሳይሄድ አልቀረም» አለች። ስላክስቴ አንደበት ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ከሁሉ የሚበልጠውን ቸርነትዎን ይመለከታል። ወይዘሮ ሃርግሮቭ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደሚያዝን ሰው፣ ምርጫ ሰጡኝ። እስከ መጪው ዓርብ ቦታዬን በገዛ ፈቃዴ ትቻለሁ ብዬ ከፈረምኩ ነገሩ በዚሁ ያበቃል። ካልፈረምኩ ግን ኮሌጅዎ ሐሰተኛ መረጃ ሰጥታለች ብሎ፣ የሁሉም ኦስቲዮፓቲክ ኮሌጆች ማመልከቻ ለሚያልፍበት ማዕከል ያሳውቃል። ያ ስም አንዴ ከተጻፈብኝ ከዚህ አገር ዳር እስከ ዳር የትም ባመለክት ከፊቴ ቀድሞ ይደርሳል።

«ሚስ ስቲልትነር፣ እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ዝም ብዬ እወጣ ነበር» አሉኝ።

ፈራሁ፤ አሁንም እፈራለሁ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ የማወጣው ደፋር ሆኜ እንዳይመስልዎ። ፖስታዬን ለማምጣት ድልድዩን ተሻግሬ ሣጥኑን የምከፍተው ውስጡ እባብ እንዳለ በሚያስብ ሰው ጥንቃቄ ነው። ለስምንት ዓመታት የተማርኩት፣ ሌሊት ፈረቃ በነርስ ረዳትነት እየሠራሁ የተዘጋጀሁበት ሁሉ በአንዲት መስመር ሊጠፋ ይችላል። አባቴ ምን እንዳሉኝ ሲጠይቀኝ፣ ስለ ጋዎን ልክ ነው አልኩት። እስከዚያች ቀን አባቴን ዋሽቼው አላውቅም ነበር፤ ሐሰተኛ ናት ያሉት ኮሌጅዎ መዋሸትን ያስተማረኝ ገና ሳልመዘገብ ነው።

ልፈርም ወስኜ ነበር። እስክሪብቶውንም ይዤ ነበር። አባቴ ግን ከመልኬ አውቆ፣ አክስቴ ኦፓልን ጠይቆ ሁሉን ሰምቷል። የኦክስጅን ቱቦውን እየጎተተ መጥቶ ከፊት ለፊቴ ተቀመጠ። እንዳልፈርም የሚቆጣኝ መስሎኝ ነበር፤ አልተቆጣም። ያወራኝ ስለ ማዕድን ማውጫው ነው። ሳንባው መታመሙ ሲታወቅ ኩባንያው በሽታው ከድንጋይ ከሰሉ አይደለም የሚል ወረቀት አቅርቦለት ነበር፤ ካልፈረመ ታናሽ ወንድሙም ከሥራው እንደሚባረር በለሰለሰ ድምፅ ነግረውት ነበር። እርሱም ፈረመ። ይህን ለእናቴም ነግሯት አያውቅም።

ቀና ብሎ አይቶኝ፣ አየር እየሳበ፣ እንዲህ አለኝ፦ «ኪንድራ፣ ከፈረምኩ ፍርሃቱ የሚለቀኝ መስሎኝ ነበር። አልለቀቀኝም የኔ ልጅ።»

ትንፋሹ እስኪመለስለት ጀርባውን አሸሁለት።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በታላቅ ትሕትና የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው፤ ከቢሮዎ አንድ ሰው ይላኩና ቤታችንን ይይ። ድልድዩ ጋ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። የሚፈራ ከሆነ እጁን ይዤ አሻግረዋለሁ፤ በዚህ ልምድ አለኝ።

ውድ ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ ሳልደርስበት የወደቅኩበትን ትምህርት ስላስተማሩኝ፣ እንዲሁም ስለ ዓርቡ ቀነ ገደብ ቸርነትዎ ከልብ እያመሰገንኩ፣ ፖስታዋ በኬንታኪ የሚገባ፣ አልጋዋ በዌስት ቨርጂኒያ የተነጠፈ፣ የእርስዎ ታዛዥ ለመሆን እጅግ ተቃርባ የነበረች፣

ኪንድራ ስቲልትነር
ፓውፓው ሸለቆ

የቀረች አንዲት ቃል፦ ወይዘሮ ሃርግሮቭ መልሴን በስልክ እንድነግራቸው፣ በጽሑፍ ምንም እንዳላስቀር መክረውኝ ነበር። ምክራቸውን ባለመቀበሌ እንዳይቀየሙኝ አደራ። በገዛ ፈቃዴ ትቻለሁ በሚለው ላይ አልፈርምም፤ ፈቃዴ አይደለምና። ሐሰተኛ የሚለውን ስም ልትለጥፉብኝ ከፈለጋችሁ በራሳችሁ እጅ፣ በራሳችሁ ፊርማ፣ ሰው ሁሉ እያየ ለጥፉት። እየፈራሁ እኖር ይሆናል፤ ለፍርሃቴ ግን ከእንግዲህ አልፈርምለትም።