በየማለዳው የሰው ደጅ ያንኳኩ የነበሩት ወይዘሮ አልፍሬዳ ቲቦ

ወይዘሮ አልፍሬዳ ቲቦ ከአባታቸው ከአቶ ጋርላንድ ፓርዲና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቪና ሂንስ እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 1951 በኒውፋውንድላንድ ደቡብ ዳርቻ፣ በጋል ኮቭ መንደር ተወለዱ። ከታላቅ ወንድማቸው ከአቶ ሆሬስ ቀጥለው፣ ከእኔ ከታናሽ እህታቸው ከዩኒስ ቀድመው ወደዚህ ዓለም የመጡ ሲሆን፣ ክርስትና የተነሡትም አሁን አስከሬናቸው ባረፈበት በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቄሳችን ይህን ጽሑፍ አጠር፣ ለስለስ አድርጌ እንዳቀርብ መክረውኛል። አጠር ለማድረግ እሞክራለሁ። ለስለሱን ግን ሌላ ሰው ያምጣው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በመንደራችን ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ዘጠነኛ ክፍል ተምረዋል። ከዚያ በላይ ለመማር በጀልባ ተሻግሮ ሌላ ከተማ መኖርን ይጠይቅ ስለነበር፣ መምህርታቸው ቤታችን ድረስ መጥተው ቢለምኑም አባታችን አልፈቀዱም። ጽሕፈታቸው ያማረ ነበር። ልጆቻቸው በታላላቆቹ ሐይቆች መርከብ ላይ ለሥራ የሄዱባቸው እናቶች ደብዳቤ የሚያጽፉት እሳቸው ዘንድ ነው። የመጣችውን እናት መጀመሪያ ሻይ ያጠጧታል፤ ልጇ ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚያስቀው ይጠይቋታል፤ ብዕር የሚያነሡት ከዚያ በኋላ ነው።

በ1967 በዓሥራ ስድስት ዓመታቸው በመንደሩ የዓሣ ፋብሪካ ተቀጠሩ። ጁላይ 17 ቀን 1971 ከአቶ ሴሲል ቲቦ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው ሴት ልጃቸውን ሮዛንን በ1973፣ ወንድ ልጃቸውን ክላይድን በ1976 ወልደዋል። በ1992 የኮድ ዓሣ ማስገር ሲታገድ ፋብሪካው ተዘጋና መንደሩ በሙሉ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ከሦስት ዓመት በኋላ አዲስ ባለቤት ገዝቶ ለሸርጣን ሲከፍተው ሁላችንም ደስ ብሎን ተመልሰን ገባን። እኔም ከእትዬ አልፍሬዳ ቀጥሎ በተሰለፈው ጠረጴዛ ነበርሁ።

ሸርጣን በትልልቅ ጋን ይቀቀላል። እንፋሎቱ ጣሪያ ሥር ይጋገርና መልሶ በላያችን ይወርዳል። መስኮት የለም፤ ማራገቢያ አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም ተበላሽቷል። እትዬ በሦስተኛው ዓመት ሳል ያዛቸው። የክፍሉ ኃላፊ አቶ ሆሊስ ባግስ "ወይዘሮ አልፍሬዳ፣ ሲጋራውን ይቀንሱ እንጂ" ይሏቸው ነበር። እትዬ በሕይወታቸው ሲጋራ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። ይህን ደግሞ አቶ ሆሊስ ያውቃሉ፤ ያደጉት ከአጥራችን ማዶ ነው።

በ2006 ሮዛን ለሥራ ወደ አልበርታ ስትሄድ ኮምፒውተሯን ለእናቷ ትታ የኢንተርኔት ጦማር ከፈተችላቸው። ስሙን "ድስትና ሳል" አሉት። ስለ ሾርባቸው፣ ስለ ጨው ሥጋቸው፣ ስለ አየሩ ጻፉ። አራት ወር ሙሉ ከሮዛን በቀር ማንም አላነበበውም። በስልክ ቢያማርሩባት ልጅቷ ሳቀች።

"እማዬ፣ አንቺ ሰው ቤት ሳትሄጂ ማን ይመጣልሻል?"

ነገሩ የገባቸው ያኔ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ከመግባታቸው በፊት በየማለዳው የአምስት ጦማሪዎችን ደጅ ያንኳኩ ጀመር። ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች ሳያነቡ አስተያየት አይጽፉም። "ሰው ቤት ገብቶ፣ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ 'ቆንጆ ቤት ነው' ብሎ መውጣት ነውር ነው" ይሉ ነበር። በማግዳለን ደሴቶች ሹራብ እየሠራች ስለ ሹራቧ የምትጽፍ ኦዴት አርሴኖ የምትባል ሴት ነበረች። ለእሷ መጀመሪያ የጻፉላትን ዛሬም በቃሏ ትለዋለች፦ "ተረከዙ ላይ ስትደርሺ የክሩን ቀለም የቀየርሽው አልቆብሽ ነው ወይስ ሆን ብለሽ? እኔ ብሆን አልቆብኝ ነው። አንቺ ግን ሆን ብዬ ነው በይ፤ ያምራል።" ኦዴት በማግስቱ መጣች። ከዚያ አላስካ ውስጥ ምግብ ስለማብሰል የምትጽፈው ፊሊፒናዊት ሪሴልዳ ማግባኑዋ መጣች። ቀጥለው በሚኒሶታ ስለ አትክልታቸው የሚጽፉት ጡረተኛዋ ነርስ ማቪስ ኦልሰን መጡ። እትዬ አንዷን ከሌላዋ ያገናኙ ነበር። "ኦዴት፣ የሩዙን ነገር ሪሴልዳን ጠይቂያት፣ እኔ አላውቅም" ብለው ይልኳታል። የታመመ ውሻ እንዴት እንዳደረ ይጠይቃሉ፤ ፈተና ያለባትን ልጅ ቀን አይረሱም። ሁልጊዜ ዓርብ አንድ ጥያቄ ያወጣሉ፤ ከየአገሩ የመጣው ሁሉ እሳቸው ገጽ ላይ ተሰብስቦ ይጫወታል፣ ይከራከራል። በሁለት ዓመት ውስጥ ሰባ የሚሆኑ ጦማሪያን አንዱ የሌላውን ቤት የሚያውቅ ሰፈር ሆኑ።

እኛስ? እኛ ሳቅንባቸው። እኔ ራሴ "እትዬ፣ የማታውቂውን ሰው ውሻ ስም ሸምድደሽ የእኔን ልደት ረሳሽ" ብያቸዋለሁ። ልደቴን አልረሱም ነበር። ማለዳውን ኬኩን ደጄ አስቀምጠውልኝ ሄደው ነበር፤ እኔ ነኝ በጓሮ በር ወጥቼ ያላየሁት።

በ2008 የሸርጣን ወቅት አንድ ዓርብ የሚከተለውን ጻፉ፦ "እሑድ እሑድ ይሻለኛል። ማክሰኞ ማታ ደረጃ መውጣት ያቅተኛል። ወቅቱ ሲያልቅ እድናለሁ። እንዲህ የሚያደርገው ሌላ አለ?" ኦዴት በሰዓት ውስጥ መለሰች። እሷም የሸርጣን ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች፤ በሁለት ዓመት ጨዋታ አንድም ቀን አንሥተውት አያውቁም። "እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር" አለች። ሪሴልዳ አክስቷ በዚያው ሥራ ላይ ሳሉ ትንፋሽ አጥሯቸው መሞታቸውን ጻፈች። ወይዘሮ ማቪስ ደግሞ የነርስነታቸው ነገር መጣባቸውና "ልጆች፣ ከዛሬ ጀምሮ ደብተር ያዙ። የገባችሁበትን ሰዓት፣ የሳላችሁበትን ሰዓት፣ ያረፋችሁበትን ቀን ጻፉ" አሏቸው። ያዙ። ከአምስት ፋብሪካ ሃያ ስድስት ሴቶች አንድ ወቅት ሙሉ ትንፋሻቸውን መዘገቡ።

እትዬ የመዝገቡን ነገር ጦማራቸው ላይ ባወጡ በሳምንቱ በመንደሩ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። እዚህ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁ ነበራችሁ። አቶ ሆሊስ መድረክ ላይ ቆመው ፋብሪካው ተዘግቶ ወደ ሌላ መንደር ሊዛወር እንደሚችል፣ የዚህም ምክንያት አንዲት ሴት እንደሆነች ተናገሩ። ከኋላ አንዱ ጮኸ።

"አገሩን በሙሉ ለማያውቁሽ ሰዎች አሳጣሽው!"

እትዬ ከወንበራቸው ተነሡ። እያሳላቸው ስለነበር ጥቂት ቆሙ። "ሳሌን ለዓሥር ዓመት ሰማችሁት። ምንድን ነው ብሎ የጠየቀኝ ከእነሱ በቀር ማን አለ?" አሉና ተቀመጡ። በመልስ ፈንታ ጦማሩን እንዲዘጉ የሚጠይቅ ወረቀት ዞረ፤ አርባ ሦስት ሰው ፈረመ። አሥራ አንደኛው ፊርማ የእኔ ነው። ሥራዬን ፈርቼ ነው። ይህን እዚህ የጻፍሁት ይቅር እንድትሉኝ አይደለም፤ እናንተ ይቅር ባዮች አይደላችሁምና። በማግስቱ እትዬ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመው "ስትፈርሚ የስምሽ መጀመሪያ ተጣሟል" አሉኝና ወደ ቦታቸው ሄዱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረጋችሁትን እነግራችኋለሁ። ሲመጡ ስታዩ ላለመገናኘት መንገድ አቋረጣችሁ። ለቤተ ክርስቲያን እራት የጋገሩትን የቤሪ ፓይ ጨርቁ እንኳ ሳይነሣ ወደ ደጃፋቸው መለሳችሁት። ወንበር ሞልቷል ብላችሁ ከኋላ አቆማችኋቸው። አቶ ሴሲልን ለዓሥራ አራት ዓመት ካገለገሉበት የሸርጣን ጀልባ አወረዳችኋቸው። ያን ቀን እኔ ልብስ ልመልስ ሄጄ ወጥ ቤታቸው ውስጥ ነበርሁ። አቶ ሴሲል የጎማ ቦት ጫማቸውን በብብታቸው ይዘው ገቡ።

"ካፒቴኑ ሌላ ሰው ይዟል" አሉ።

እትዬ ጫማውን ተቀበሏቸው። "ልዝጋው?" አሏቸው።

"ምኑን?"

"ጦማሩን ነዋ።"

"እኔ ያጣሁት ጀልባ ነው፣ ሆዴ። ትንፋሽ አላጣሁም። ጻፊ።"

ጻፉ። ነገር ግን ስለ እኛ አንድም ክፉ ቃል አልጻፉም፤ ፈልጌ አጥቻለሁ። ያደረጉት ሌላ ነው። ለሰባዎቹ ጦማሪያን ለእያንዳንዳቸው ደብዳቤ ላኩ፤ ያችን "እንዲህ የሚያደርገው ሌላ አለ?" የምትለውን የዓርብ ጥያቄ በአንድ ቀን ሁሉም በየገጻቸው እንዲያወጡ ለመኑ። ስለ ሹራብ የሚጽፈው፣ ወፍ የሚያየው፣ ልጅ የሚያሳድገው ሁሉ በየገጹ ጠየቀ። ከወይዘሮ ማቪስ አንባቢዎች አንዱ ጽጌረዳ የሚወዱ የሳንባ ሐኪም ነበሩ። በሜይ 2010 መሣሪያቸውን በመኪና ጭነው ጋል ኮቭ ገቡ። አዳራሹን ስለተከለከሉ ምርመራውን ያደረጉት በእትዬ ሳሎን ነው። አምሳ ሰባት ሴት በየተራ በቱቦ ተነፈሰች። መንገድ ያቋረጣችሁት በዚያ በር ገብታችኋል፤ እትዬ ካፖርታችሁን ተቀብለው ሰቅለውላችኋል። የዓሥራ ዘጠኛችን ሳንባ በእንፋሎቱ ታሞ ተገኘ። ዓሥራ ዘጠነኛዋ እኔ ነኝ። ከእንፋሎቱ ቶሎ ስለወጣሁ ዛሬ ደረጃ እወጣለሁ። ለእሳቸው ግን ዘግይቶ ነበር።

በኤፕሪል 2011 ፋብሪካው ስድስት ማራገቢያ ተከለ፤ መቀቀያ ክፍሉም ተለየ። ሪባኑን የቆረጡት አቶ ሆሊስ ናቸው። ኬክ ነበረ፣ ፎቶ ነበረ፣ ስለ ሠራተኛ ጤና ንግግር ነበረ። እትዬ አልተጠሩም። ያን ዕለት መስኮታቸው ሥር ተቀምጠው በማኒቶባ የምትኖር ሴት ስለ ሞተባት ፈረስ የጻፈችውን እያነበቡ አገኘኋቸው። እኔ በቁጣ ስንቀጠቀጥ "ተይ እስቲ ዩኒስ፣ ይቺን ልጨርስላት፤ እያለቀሰች ነው የጻፈችው" አሉኝ። እኔ እንደ እሳቸው አይደለሁም። ዛሬም እንቀጠቀጣለሁ።

ከ2016 ጀምሮ ያለ ኦክስጅን መቀመጥ አልቻሉም። መናገር ሲያደክማቸው በጣታቸው ይጽፉ ነበር፤ የማለዳው አምስት ቤት ወደ ሁለት ወረደ እንጂ አልቀረም። ባለፈው ዓርብ፣ ኖቬምበር 8፣ ጦማር ከከፈተች ሦስት ሳምንቷ ለሆነና አንድም አንባቢ ላልነበራት ለአንዲት ወጣት የሚከተለውን ጻፉ፦ "እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። ስለ አባትሽ ጀምረሽ ፈርተሽ የተውሽው ነገር አለ፤ ቀጥይው። ነገ እመጣለሁ።" በማግስቱ ቅዳሜ ኖቬምበር 9 ቀን 2019 ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ፣ በተወለዱ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው በመኖሪያ ቤታቸው ዐረፉ። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ስትጠብቅ ውላ ማታ "ደህና ነዎት?" ብላ ጻፈች። የመለስሁላት እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት ለማላውቀው ሰው አንድ መስመር ጽፌ አላውቅም ነበር።

ወንድማችን አቶ ሆሬስ ይህን ጽሑፍ ትናንት አንብበው "የማናውቃቸው ሰዎች ስም ከቤተሰብ ጋር ምን ይሠራል? አውጪው" ብለውኛል። በእትዬ ሕመም የመጨረሻ ሦስት ዓመት ውስጥ አቶ ሆሬስ የመጡት ሁለት ጊዜ ነው፤ ኦዴት በጀልባና በአውቶቡስ አራት ጊዜ መጥታለች። አላወጣሁም።

ወይዘሮ አልፍሬዳ ቲቦ ባለቤታቸውን አቶ ሴሲል ቲቦን፣ ልጆቻቸውን ሮዛንንና ክላይድን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ ወንድማቸውን ሆሬስን፣ እህታቸውን ዩኒስን፣ እንዲሁም በሦስተኛው ረድፍ ግራ በኩል የተቀመጡትን ኦዴት አርሴኖን፣ ሪሴልዳ ማግባኑዋንና የሰማንያ አንድ ዓመቷን ማቪስ ኦልሰንን፣ መምጣት ያልቻሉትንም ስልሳ ሰባት ጦማሪያን ትተው አልፈዋል። ከዚህ ስንወጣ እነዚህን ሦስት ሴቶች ሲያይ መንገድ የሚያቋርጥ ሰው ቢኖር፣ እኔ መንገዱ መካከል ቆሜ አገኘዋለሁ።

የሰማይ አምላክ የእህቴን ነፍስ እንደ ልብ በሚተነፈስበት ስፍራ ያሳርፍልን። ለእሳቸው ዕረፍቱን ይስጥልን፤ ለእኛ ግን ገና አይስጠን።