በመልኬ የተሰጠ፣ እኔ የማላውቀው ይቅርታ

ቀን፦ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጀፎሮ የወጣቶች ዲጂታል ማዕከል
ለክቡር ሥራ አስኪያጅ
ወልቂጤ

ጉዳዩ፦ «ሰባት ደጅ» የተባለው የኢንተርኔት ጨዋታ ብቻቸውን ለሚጫወቱ ሰዎች ታድሶ ሲከፈት፣ ያለ ፈቃዴ በስሜና በመልኬ የሚሰጠው ይቅርታ እንዲሻርልኝ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፤

መሪጌታ ይትባረክ ገብረወልድ እባላለሁ። በወልቂጤ ከተማ አርባ አንድ ዓመት ቅኔ አስተምሬአለሁ፤ በእነዚሁ ዓመታት የተጣላ ለማስታረቅ ከሚቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ሆኜ ኖሬአለሁ። ከመሥሪያ ቤትዎ የምሻው ሹመትም መሬትም የለም። የመጣሁት የገዛ ፊቴን ለማስመለስ ነው።

፩. ማዕከሉ «አነቃቃሁት» የሚለው ጨዋታ የተወለደው ከቤቴ ፊት ለፊት በነበረች አንዲት የኮምፒውተር ቤት ነው። ዮሴፍ ሰይፉና ሙባሪክ ጀማሉ የተባሉ ሁለት የሠፈሬ ወጣቶች በ2004 ዓ.ም. አበጁት። ሰዎች በየኮምፒውተራቸው ተቀምጠው በኢንተርኔት እየተገናኙ፣ አንዱ አራሽ፣ አንዱ ብረት ሠሪ፣ አንዱ መድኃኒት ቀማሚ፣ አንዱ ደጅ ጠባቂ ሆኖ በሌለ አገር የሚኖሩበት ጨዋታ ነው። ጎልማሳ ሰው በሌለ አገር የሌለ በሬ ሲጠምድ መዋሉን ያን ጊዜም ንቄዋለሁ፤ ዛሬም እንቀዋለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የጨዋታው ወዳጅ ሆኜ የመጣሁ እንዳይመስልዎ ነው።

፪. ሆኖም ያ ከንቱ አገር አንድ የማይናቅ ሕግ ነበረው። ሰባቱ ደጆች የሚከፈቱት ሰባት ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲቆሙ ብቻ ነበር። አንዱ ከቀረ ስፍራው ባዶ ሆኖ ይታያል፤ ስድስቱም ቆመው ይጠብቁታል። እየጠበቁ ስሙን እየጠሩ ሲሰድቡት በመስኮቴ እሰማ ነበር። ስድቡ ሲያልቅ ከመካከላቸው አንዱ ተነሥቶ እቤቱ ድረስ ሄዶ ያመጣዋል።

ሌላም ነበረው። ልጆቹ እኔን ሳያስፈቅዱ፣ ጋቢዬንና ጫፉ የተሰነጠቀ ከዘራዬን ሳይቀር ሥለው በአገሩ መካከል አቁመውኝ ነበር። በጨዋታው ውስጥ ሰው የበደለ ሁሉ ወደዚያ ሥዕል ይመጣል። ሥዕሉ የሚናገረው አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ «የበደልኸውን ይዘህ ና።» በዳይ ተበዳዩን ይዞ እስኪመጣ ድረስ ሌላ ቃል አይወጣውም። ይህን በሰማሁ ጊዜ አጥፉት አላልሁም። የተናገረው እኔ የምናገረውን ስለ ሆነ ዝም አልሁ። መሥሪያ ቤትዎ ዝምታዬን እንደ ፈቃድ ወረቀት ቆጥሮት ከሆነ ተሳስቷል።

፫. በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ የሙባሪክ አባት አቶ ጀማሉ ታመው አታት ሆስፒታል ተኙ። ሙባሪክ በጨዋታው የነበረውን የደጅ ጠባቂነት ተራ ለዮሴፍ አደራ ሰጥቶ አባቱ አልጋ አጠገብ ተቀመጠ። ዮሴፍ የመንደራቸውን በር ለባላንጣ ከፈተ፤ ስድስት ዓመት የሠሩት መንደር በአንድ ከሰዓት በኋላ ተቃጠለ። ለሳቅ ያደረገው እንደ ነበር ይናገራል። ስለ ተቃጠለው መንደር ፍርድ አልሰጥም። የብርሃን ጎጆ ቢቃጠል አመድ እንኳ የለውም።

በደሉ ሌላ ነው። በሦስተኛው ቀን አቶ ጀማሉ ዐረፉ፤ ዮሴፍም ባደረገው አፍሮ ለቅሶ ሳይደርስ ቀረ። በዚያ ቤት ስንት ጊዜ የበላ፣ የሙባሪክን እናት የወይዘሮ ባሂራን እጅ እየሳመ ያደገ ልጅ፣ ድንኳኑ ከቤቱ በድምፅ ርቀት ተተክሎ ሳለ አልመጣም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ደርሷል፤ እርሱ አልደረሰም። ከዚያ በኋላ ሙባሪክ እናቱን ይዞ ወደ ቡታጅራ ሄደ። የኮምፒውተር ቤቷ ተዘጋች፤ ጨዋታውም አብሯት ቆመ። ሁለቱ ሰዎች ስምንት ዓመት ሙሉ ሰላም አልተባባሉም።

፬. ባለፈው ነሐሴ ወይዘሮ ባሂራ ከቡታጅራ ድረስ መጥተው አስታርቃቸው ዘንድ ለመኑኝ። «ዮሲም ልጄ ነበር፤ ከልጆቼ ለቅሶ የቀረብኝ እርሱ ብቻ ነው» አሉኝ። ዮሴፍን አስጠርቼ አነጋገርሁት፤ እሺ አለ። ቀኑም ለቅዳሜ ጥቅምት 8 ተቆረጠ።

፭. መሥሪያ ቤትዎ ከዮሴፍ የጨዋታውን አሮጌ መዝገብ ተቀብሎ፣ በስልክ እንዲሠራ ያደሰውን ጨዋታ የከፈተው ከዚህ ቀን አምስት ቀን አስቀድሞ፣ ጥቅምት 3 ነው። ማስታወቂያችሁን በማዕከሉ በር ላይ ቆሜ አንብቤዋለሁ፦ «ብቻዎን! በፈለጉት ሰዓት! ማንንም ሳይጠብቁ!» ይላል። ማንንም አለመጠበቅ በትልልቅ ፊደል የሚለጠፍ መልካም ሥራ መሆኑን በዚህ ዕድሜዬ ከናንተ ተማርሁ።

ማንንም ላለመጠበቅ የተገኘው ዘዴ ደግሞ እንዲህ ነው። የቀሩትን ስድስት ሰዎች ማሽን ተካቸው። የጥንቶቹ ተጫዋቾች በየስማቸውና በየአነጋገራቸው አሻንጉሊት ተደርገው፣ ለብቻው ለሚገባው ሰው አጃቢ ሆነው ቆሙ። ሙባሪክም ሳይጠየቅ ከነስሙ ቆሟል። የእኔም ሥዕል «ተሻሽሏል»። ጋቢዬን ገፈው ነጠላ አልብሰውኛል፤ እርሱንም እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀውታል። ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። በዳይ ሲመጣ «ጥፋትህን ታምናለህ?» እላለሁ፤ እርሱ «አዎ» የሚለውን በጣቱ ይነካል፤ እኔም «ልጄ፣ ታርቀሃል፤ መንገድህ ክፍት ነው» ብዬ አሰናብተዋለሁ። አስከፍቼ ቆጥሬዋለሁ፤ ከመግባቱ እስከ መውጣቱ አራት ሴኮንድ ይፈጃል። እኔ በአራት ሴኮንድ ይቅርታ መስጠት ቀርቶ ከዘራዬን ግድግዳ ላይ አስደግፌ አልጨርስም።

፮. ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሙባሪክና እናቱ ግቢዬ ገቡ። ከእኔ መቀመጫ ሌላ ሦስት ወንበር አውጥቼ ነበር፤ ሁለቱ ለእነርሱ፣ ሦስተኛው በዳይ ቆሞ ከተናገረ በኋላ «ተቀመጥ» የሚባልበት ነው። ወይዘሮ ባሂራ ከዕርቁ በኋላ አብረን የምንቆርሰውን፣ ሁላችንም እንድንበላው ሥጋ ያልነካው ቆጮና ጎመን በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ይዘው ነበር። ስድስት ሰዓት ሲሆን የሙባሪክ ስልክ ጮኸች። ከዮሴፍ የተላከ ሥዕልና ጽሑፍ ነበር። ጽሑፉን እንደ ወረደ አቀርባለሁ፦

«ሙባሬ፣ በቃ ተጨርሷል። የኔታም ይቅር ብለውኛል፣ አንተም እጄን ጨብጠሃል፤ ፎቶውን እየው። ዛሬ ሱቅ ዕቃ እየተራገፈ ስለሆነ አልመጣም።»

በሥዕሉ ላይ አሻንጉሊቱ ሙባሪክ የአሻንጉሊቱን ዮሴፍ እጅ ጨብጧል። እኔም ነጠላዬን አዘቅዝቄ በመካከላቸው ቆሜ ፈገግ ብያለሁ። ወይዘሮ ባሂራ ጽሑፉ ተነበበላቸው። ልጃቸውን አዩት፤ ቀጥሎ ስልኩን አዩ። «ልጄ እዚህ ተቀምጧል። የማንን እጅ ነው የጨበጠው?» አሉ። ሙባሪክም «ተዪው እማ፤ ስልክ ውስጥ ያለሁት እኔ ከእኔ ይሻላል። ቶሎ ይቅር ይላል፣ አያኮርፍም» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ብዙ አልሄደም። እስከ ስምንት ሰዓት ጠበቁ። ሳይታረቁ አይቆረስምና ቆጮው እንደ ታሰረ ወደ ቡታጅራ ተመለሰ።

፯. በማግሥቱ ከቅዳሴ ስወጣ ወደ ዮሴፍ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ጎራ አልሁ። ተነሥቶ ተቀበለኝ፤ መቀመጫ አቀረበ። ለምን እንደ ቀረ ስጠይቀው ስልኩን አውጥቶ የገዛ ፊቴን አሳየኝ። «የኔታ፣ እርስዎ ራስዎ መንገድህ ክፍት ነው ብለውኝ የለ» አለ። እንዳላገጠብኝ ቆጥሬ ልቆጣ አፌን ከፍቼ ነበር። ነገር ግን ዓይኑ ከስልኩ መስታወት አልተነቀለም፤ ጣቱም ያንኑ «አዎ» የሚለውን ደጋግሞ ይነካው ነበር። ሥዕሉ ደጋግሞ ይቅር ይለዋል፤ እርሱም ደጋግሞ ይነካል። ስንት ጊዜ እንደ ታረቀ ብጠይቀው፣ ስልኩ ራሱ እንደሚቆጥር ነገረኝ። ከሰኞ ወዲህ ስልሳ ሦስት ጊዜ ታርቋል። አንዱም አልያዘለትም።

ይህ ሰው ፈሪ እንጂ ዘባች አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት የሚሸሸግበት ቦታ ባያገኝ ኖሮ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ይመጣ ነበር። መሸሸጊያውን የሠራችሁለት እናንተ ናችሁ፤ በሩ ላይ የለጠፋችሁት ደግሞ የእኔን ፊት ነው።

፰. ትናንት ሰኞ ማዕከሉ ድረስ በአካል ቀርቤ የጨዋታው ኃላፊ የሆነችውን ወይዘሪት ማዕዶትን አነጋገርሁ። በትሕትና አስተናግዳኛለች፤ አልዋሽባትም። ያለችው ግን ይህ ነው፦ «የኔታ፣ ሰባት ሰው በአንድ ጊዜ ዛሬ ከየት ይመጣል? ሁሉም ሥራ አለው። አሁን ሰው ባጃጅ እስኪመጣለት ብቻውን ከፍቶ፣ ተጫውቶ፣ ጨርሶ ይዘጋዋል።» ስለ እኔ ሥዕል ስጠይቃትም «እርስዎን እኮ ነው ከሁሉ የወደዱት፤ ሰው ሁሉ አምስት ኮከብ ነው የሰጠዎት» አለችኝ። አርባ አንድ ዓመት ስቀመጥ ከበዳይም ከተበዳይም ያመሰገነኝ በጣት የሚቆጠር ነው። አስታራቂ ሁሉ የሚወደው ከሆነ ሥራውን አልሠራም ማለት ነው። ኮከቦቹን ለማዕከሉ መልሻለሁ።

የሚከተለውን ባልጽፈው እወድድ ነበር። «ሰው ብቻውን ቢጫወት ማንን ይጎዳል?» የሚል መልስ እንደሚመጣልኝ ስለማውቅ ብቻ እጨምረዋለሁ። ጉንችሬ የሚኖር ታላቅ ወንድም ነበረኝ። በአባታችን የእንሰት ጓሮ ወሰን ተጣልተን አሥራ አንድ ዓመት አልተነጋገርንም። በእነዚያ ዓመታት ጠዋት ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ መንገዱን ሁሉ በልቤ እታረቀው ነበር። የእኔን ቃል እኔ እናገራለሁ፤ የእርሱንም ቃል እኔው እናገርለታለሁ። በልቤ ውስጥ እጅግ መልካም ወንድም ነበር፤ አንድም ቀን እምቢ ብሎኝ አያውቅም። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስደርስ ታርቀን እንለያያለን። በ1998 ዓ.ም. ማረፉን ነገሩኝና ሚኒባስ ተሳፍሬ ደረስሁ። ከወሰኑ ሌላ በልቡ የያዘብኝ ምን እንደ ነበር አንድም ቀን ጠይቄው እንደማላውቅ የተረዳሁት አስከሬኑ ፊት ቆሜ ነው። ልጆቹንም ለመጠየቅ አፈርሁ። እንግዲህ መሥሪያ ቤትዎ ኮምፒውተር ከመግዛቱ በፊት ይህን ጨዋታ ብቻዬን ተጫውቼዋለሁ፤ አጨራረሱን አውቀዋለሁ።

ስለዚህ ከክቡርነትዎ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ሀ) ጨዋታው ይዘጋ አልልም። ብቻውን መዋል የሚሻ ብቻውን ይረስ፣ ብቻውን ብረቱን ይቀጥቅጥ፣ ባጃጁ እስኪመጣለት ድረስ ዓሣውን ያጥምድ። በጊዜው የሚያዝበት እርሱ ነው። በሥዕሌ አፍ የተጨመረው ይቅርታ ግን ተነሥቶ የቀድሞው አንድ ቃል ይመለስ። ይህ የማይቻል ከሆነ ፊቴ፣ ስሜና ከዘራዬ ይውጡልኝ፤ በምትኩ የወደዳችሁትን ፈገግ የሚል ሰው አቁሙ።

ለ) ሙባሪክ ጀማሉ ሳይጠየቅ ይቅር ባይ የተደረገበት አሻንጉሊት ይነሣ። ስፍራውም እንደ ጥንቱ ባዶ ሆኖ ይታይ። ባዶ ስፍራ ማየት ተጫዋቹን ቅር ካሰኘው፣ ቅር ይበለው።

ሐ) ከጥቅምት 3 ወዲህ በመልኬ የተሰጠ ይቅርታ ሁሉ የእኔ እንዳልሆነ ለተቀበሉት ሁሉ በጽሑፍ ይነገራቸው። ለዮሴፍ ሰይፉ አስቀድሞ ይነገረው፤ ይህም ከቅዳሜ ጥቅምት 22 በፊት ይሁን።

ቀኑን የቆረጥሁት በምክንያት ነው። ወይዘሮ ባሂራ አንድ ጊዜ ተመልሰው ለመምጣት ፈቅደዋል። ለሦስተኛ ጊዜ አልለምናቸውም፤ ሙባሪክም ቢሆን ሦስተኛ አይመጣም። መሥሪያ ቤትዎ ይህን ማመልከቻ «ለሚመለከተው ክፍል» እያለ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ የሚያዘዋውርበት ጊዜ የለም።

በዕለቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ወንበሮቹ በግቢዬ ይወጣሉ። አንዱ ሰው እስኪቀመጥበት ድረስ ባዶውን ይቆያል፤ ሌላ ሰው አላስቀምጥበትም።

በእጅ ከሚጨበጥ ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
መሪጌታ ይትባረክ ገብረወልድ
ወልቂጤ

ግልባጭ፦
ለአቶ ሙባሪክ ጀማሉ፣ ቡታጅራ
ለአቶ ዮሴፍ ሰይፉ፣ ወልቂጤ (በስልክ የማይላክ፤ በአመልካቹ እጅ ከመደብሩ ድረስ የሚደርስ)