ደጀ ሰላም ላይ የተገኘ ተምር

ጥቅምት ፭፣ አቦ፣ ማለዳ

እንስራዬን አዝዬ ልወጣ ስል በሩ ላይ ሰዎች ቆመዋል። የሰፈሩ ሽማግሌዎች። ከኋላቸው የሟቹ ባለቤቴ እህት ለተብርሃን፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። ማንም ሳይናገር ገባኝ። በዚህ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣ መርዶ ብቻ ነው።

አያሌው። አንድ ልጄ። ከአርበኞቹ ጋር በረሃ ወርዶ ነበር። የት ሞተ? አያውቁም። እንዴት? አያውቁም። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ዞሮ የደረሰ ነው።

ሌላ መጻፍ አልችልም።

ጥቅምት ፲፪፣ ሚካኤል

ደብተሬ፣ ተመለስኩ። አባቴ ወሎ፣ ወረኢሉ ሳለን ፊደል አስቆጠሩኝ እንጂ ከዳዊት አላለፍኩም። አንዷን መስመር እስክጨርስ ወጡ ያርራል። ጣልያን እንዳያገኝሽ የሽምብራ ጋን ውስጥ ነው የማኖርሽ። አትቀየሚኝ።

ለቀስተኛው ቀንሷል። አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ብቻውን ነው የሞተው? ውሃ ያቀበለው ሰው ነበር? ወግ ባለው ቦታ ተቀብሯል? ይህን ካላወቅሁ እህል አይወርድልኝም።

ጥቅምት ፲፬

ለተዝካሩ የክርስትና ስሙን ልሰጥ ደብራችን ሄድኩ። ቄሳችን አቦይ ቀሺ ሓጎስ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ጽጌ ሥላሴ አልኳቸው። ቀና አሉ። ይህን ስም በሙታን ጸሎት ከማነሣቸው ስሞች ጋር ማንሣት ከጀመርኩ ቆየሁ እኮ፣ ከመስከረም ወዲህ ነው አሉኝ።

ክው አልኩ። መርዶው እኔ ዘንድ ሳይደርስ?

ስሙን የምናውቅ እኔ፣ ያጠመቁት ቄስና የክርስትና አባቱ ነበርን። ሁለቱም አልፈዋል። መተት እንዳይሠራበት ብዬ ለለተብርሃን እንኳ አልነገርኩም። እንግዲህ ከራሱ ከልጄ አፍ የሰማ ሰው መቀሌ ውስጥ አለ። ምናልባት ሲሞት አጠገቡ የነበረ።

ማን አመጣው ብላቸው አያውቁትም። ጧፍና ትንሽ ከረጢት ደጀ ሰላም ላይ ይገኛል። ስሙን ያመጣችላቸው በር ላይ የምትለምነዋ ዓይነ ስውር እናት፣ አደይ ምጽላል ናት። ዛሬ አልነበረችም።

ጥቅምት ፲፮

ለተብርሃን ሰምታ ቁጭ አላለችም። የምስጢር ሚስት ነበረችው ትላለች። የጠረጠረቻት ፈትል የምትሸጠውን አብረኸትን ነው። ማስረጃዋ? ልጅቷ ሰሞኑን ከስታለች።

ፈትል ገዢ መስለን ሄድን። ለተብርሃን እንደ ዳኛ ትጠይቃታለች። ለምን ከሳሽ? ስለማን ታስቢያለሽ? ልጅቷ ትንሽ አየችንና ሳቋን ለቀቀችው።

“አደይ፣ የከሳሁት ጥርሴን አሞኝ ነው።”

አፏን ከፍታ መንጋጋዋን አሳየችን። የማንፈልገውን ፈትል ገዝተን ተመለስን። ለተብርሃን መንገድ ላይ፣ ጥርሱ እውነትም የተቦረቦረ ነው አለች፣ በቁም ነገር። ሳቄ አመለጠኝ። ከመርዶው ወዲህ የመጀመሪያዬ። አፈርኩ። ደግሜ ሳቅሁ።

ጥቅምት ፲፱፣ ገብርኤል

አደይ ምጽላልን አገኘኋት። ወንድ ነው አለች፣ ጠና ያለ። አማርኛው ቁርጥ እንዳንቺ ነው። ቅጥሩን አይረግጥም፤ ከውጭ ሆኖ ይጠራትና ከረጢቱን ሰጥቷት ይሄዳል፤ ደጀ ሰላም ላይ የምታኖረው እሷ ናት።

ከረጢቱ ውስጥ ምን ነበር ስል አቦይ ቀሺ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ለቅዳሴው ወይን ዘቢብ መሆን ሲገባው ተምር ሆኖ ተገኘ። ለነዳያን አከፋፈልነው አሉ።

“ለነዳያን?” አለች አደይ ምጽላል። “እኔ የደረሰኝ ለአንድ ጉንጭ አይሞላም። የቀረውን ጢምዎ ይመስክር፣ አቦይ ቀሺ።”

አቦይ ቀሺ ጢማቸውን ጠረጉት። ፍሬው ጣፋጭ ነበር አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ቤቴ ገብቼ ጥጥ እየነደፍኩ አሰብኩ። ለቤተ ክርስቲያን ዘቢብ እንጂ ተምር እንደማይሰጥ የማያውቅ ክርስቲያን የለም። ቅጥሩንም አልረገጠም። እስላም ነው። የወሎ ሰው። ተምር ከእጁ የማይጠፋ። እንዲህ ያለ ሰው አንድ አውቃለሁ፤ ሰኞ ገበያ ጨውና ተምር የሚሸጡት ሼህ ሰዒድ።

ጥቅምት ፳፫፣ ጊዮርጊስ፣ ሰኞ

ዛሬ ቀስ ብዬ፣ ሁሉንም እጽፋለሁ።

ገበያ ወርጄ ለልጄ ቅዳሴ ዘቢብ ፈልጌ ነበር አልኳቸው። ሼህ ሰዒድ ቀና ሳይሉ ተምር ይሰፍሩ ጀመር። ይሄማ ተምር ነው አልኩ፤ ከተምር የቅዳሴ ወይን አይሆንም ብለው ቄሱ ሲያዝኑ ሰማሁ።

እጃቸው ቆመ።

“ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ሲቀበሉኝ ምነው ዝም አሉ?”

ያሉት ነገር የገባቸው ካሉት በኋላ ነው። ቀና ብለው አዩኝ። “እመይቴ” አሉና እንባቸው ቀደመ።

ከጨው ክምሩ ኋላ አስቀመጡኝ። ማር ሊገዙ ተከዜ ወርደው ወባ የጣለው ልጅ ጎጆ ውስጥ ያገኛሉ። ሲናገሩ ሰምቶ፣ አነጋገርዎ የእናቴ ነው፣ አጎቴ ልበልዎት አላቸው። ከዚያ ወዲያ ጥለውት መሄድ አልሆነላቸውም። ውሃ በእጃቸው አጠጡት። ገንፎ አገነፉለት። ቀምሶ፣ ከእናቴ የባሰ ገንፎ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር አላቸው።

ሳቅሁም አለቀስኩም። ገንፎዬ በእርግጥ ይጓጉላል።

የክርስትና ስሙን የነገራቸው ሲደክም ነው። ለእናቴ ሳይሆን መጀመሪያ ለቄስ ይንገሩልኝ ብሎ። ሲያርፍ ከጓዶቹ ጋር ተሸክመው በአቅራቢያው ካለች ቤተ ክርስቲያን አደረሱት። በቄስ ተፈትቶ ተቀበረ። ብቻውን አልነበረም። ደብተሬ፣ ልጄ ብቻውን አልነበረም።

ለምን አልነገሩኝም? መርዶ ሰው ብቻውን አይነግርም፣ ዘመድሽም አይደለሁም አሉ። ደግሞ አርበኛ አየሁ ያለ ሰው ዛሬ የት እንደሚወሰድ ይታወቃል።

ሼህ ሰዒድ ያልኩት ስማቸው አይደለም። የሚሸጡትንም ሆነ የሚሸጡበትን ቀን ቀይሬዋለሁ። ጣልያን ቢያገኝሽ በከንቱ ይድከም።

ኅዳር ፯፣ ሥላሴ

ቤቱ ሰው በሰው ነው። ለተዝካሩ ጌሾ ይወቀጣል፣ ሽንኩርት ይከተፋል። አቦይ ቀሺ ሁሉን ሲሰሙ፣ ጸሎቱ ያለ ዘቢብም ደርሷል አሉ።

ለተብርሃን ግን ተጨነቀች። ሼህ ሰዒድ ክርስቲያን ያረደውን አይበሉም፤ እንዴት ይሆናል? ወሎ ስንቱን አብረን በልተን የለ አልኳት። ሁለተኛ ሙክት ተገዛ። እሳቸው ያርዱታል፤ ድስቱም ሥጋ ያልነካው አዲስ ነው። ገንፎም ልሥራ ብለዋል።

“እሱን ገንፎ ማን ሊበላው ነው፣ ሓፍተይ?” አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው።

እኔ እበላዋለሁ አልኳት።

ኅዳር ፲፫

ነገ ተዝካር ነው። ከነገ ወዲያ ጾም ይገባል፤ እንኳን ደረሰልኝ። ዳሱ ተተክሏል። ደስ ብሎኛል ብል ሰው ይታዘበኛል፣ ላንቺ ግን አልዋሽም።

ቆርጫለሁ። ሼህ ሰዒድን የማስቀምጣቸው በጓሮ፣ ለብቻቸው አይደለም። ከጎኔ፣ የክርስትና አባቱ በሚቀመጥበት ነው። ስሙን የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። ለተብርሃን ሰማችኝ። ቆይታ ደህናውን አጎዛ አምጥታ እዚያ አነጠፈችው።

ይህን አንድ ቀን የምታነቡ ሆይ፣ ፊደሌ ቢጣመም ይቅር በሉኝ። ደብቄ የኖርኩትን ስም እነሆ አወጣሁት፤ ጽጌ ሥላሴ ነው። ክርስቲያን ከሆናችሁ ነፍስ ይማር በሉልኝ። እስላም ከሆናችሁም እጃችሁን ዘርግታችሁ ዱዓ አድርጉለት፤ አጎቱ እንዳደረጉለት።